ስልክ ላይ የባከነ የሥራ ሰዓት በብር ይተመን?

አወያይ፦ በሥራ ሰዓት ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የሚያልፈው ጊዜ በብር ይተመን? ከተተመነስ ከደመወዝ ይቆረጥ? በስሜት ሳይሆን በቁጥር ተከራከሩ።

ሒሳብ ሹም፦ ይተመን። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር 208 ሰዓት ይሠራል፤ 48ን በ52 አባዝቶ ለ12 ማካፈል ነው። የወር ደመወዙ 12,000 ብር ቢሆን የአንድ ሰዓቱ ዋጋ 57 ብር ከ69 ሳንቲም ነው። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ ሲታከልበት 64 ብር ይሞላል። በቀን አንድ ሰዓት ከባከነ በ26 የሥራ ቀን 1,665 ብር፣ ሃያ ሠራተኛ ባለበት ቢሮ ደግሞ 33,300 ብር ሄደ ማለት ነው። ኪራይ በዚህ ያህል ቢጨምር ስብሰባ ይጠራ ነበር! ለመንግሥት ሠራተኛ ግን በ208 እንዳታካፍሉ። የእሱ ሳምንት 39 ሰዓት ስለሆነ አካፋዩ 169 ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የሥራ ሕግ፦ ስሌቱን ተቀብዬ መቁረጡን እቃወማለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ የሚቀነሰው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። አለቃ በግምት የሚቆርጠው ነገር የለም።

ደግሞስ ቆጠራው ለምን ለአንድ ወገን ብቻ ይሆናል? ማታ 2 ሰዓት ላይ በቢሮው ግሩፕ «ሪፖርቱን አሁን ላኩልኝ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በ1.5 እጥፍ ነው፤ በሒሳብ ሹም ምሳሌ ሰዓቱ 86 ብር ከ54 ሳንቲም መሆኑ ነው። በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ቢሆን በወር 13 ሰዓት፣ 1,125 ብር። በደቂቃ የሚቆጥር አሠሪ ይህንንም ይቁጠር።

ጊዜ ቆጣሪ፦ ሁለታችሁም ደቂቃው ትክክል ነው ብላችሁ ነው የምትነሡት። የአይፎኑ ስክሪን ታይምም ሆነ የአንድሮይዱ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚቆጥረው አፑ የተከፈተበትን ጊዜ ነው። ቴሌግራም ላይ ያለፈው 40 ደቂቃ ለደንበኛ ፋይል መላኪያ ይሁን የኳስ ወሬ ማንበቢያ አያውቅም።

መለካት የፈለገ ሰው ለአንድ ሳምንት በየማታው በሰዓት የተከፋፈለውን ግራፍ ይክፈት። የምሳውን ሰዓት ያውጣ፤ ለሥራ ጭራሽ የማያገለግሉትን አፖች ብቻ ይመዝግብ። ከደቂቃው ይልቅ ግን ስልኩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያስተውል፣ ጉዳቱ ያለው እዚያ ነው። የባንክ ሒሳብ የሚያስታርቅ (የባንኩን ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር) ሰው መቶ አርባኛው መስመር ላይ ሳለ ለ20 ሰከንድ መልእክት አይቶ ቢመለስ፣ የቱ ጋ ቲክ እንዳደረገ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። 540ን 450 ብሎ ከጻፈ ደግሞ የ90 ብር ልዩነት ይዞ ከሰዓቱን ሙሉ ቮቸር ሲያገላብጥ ይውላል። (ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የተገላበጠ አኃዝ ፈልጉ።) ስልኩ ግን 20 ሰከንድ ብቻ ነው የመዘገበው።

ሒሳብ ሹም፦ እንግዲያው በእያንዳንዱ መቋረጥ ላይ ወደ ሥራ ለመመለስ ይፈጃል የሚባለውን 23 ደቂቃ እንደምርበት።

ጊዜ ቆጣሪ፦ ወንድሜ፣ አባዛውና እየው። በቀን 30 ኖቲፊኬሽን በ23 ደቂቃ 690 ደቂቃ፣ ማለትም 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ የሥራ ቀኑ 8 ሰዓት ነው! ቁጥሩ የሥራ መቋረጥን ከምታጠናው ተመራማሪ ከግሎሪያ ማርክ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። እሷና ባልደረቦቿ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን የተቋረጡት ሰዎች ሥራቸውን እንዲያውም ፈጥነው ነው የጨረሱት፤ የከፈሉት በውጥረትና በብስጭት ነው። ይህን በሰዓት ክፍያ አባዝታችሁ አታገኙትም።

ስፌት ቤት፦ ደመወዝተኛ ብቻ አታስቡ። በቁጥር ለሚከፈለው ልብስ ሰፊ አንድ ሱሪ 300 ብር ቢያስገኝና አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ሰዓቱ 200 ብር ነው፣ የተቆረጠ ጨርቅ ከጠበቀው። በጥር የሠርግ ልብስ ተቆልሎ ሳለ ቲክቶክ ላይ ያለፈች ሰዓት ሙሉ 200 ብር ናት። በሁዳዴ ሠርግ በሌለበት፣ ትእዛዝ ባልመጣበት ቀን ግን ያችው ሰዓት በገንዘብ ምንም አላጎደለችም። ስለዚህ መጀመሪያ «በዚያ ሰዓት የሚጠብቅ ሥራ ነበር ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ሒሳብ ሹም፦ ይህን እቀበላለሁ። ትመናው በሰው ስም መሆኑ ይቅርና በክፍል ደረጃ፣ ሥራ በሚበዛበት ወር ብቻ ይሠራ። የወር መዝጊያ ሳምንት ለእኛ ክፍል ጥሩ መለኪያ ነው። መቁረጡን ግን ትቻለሁ።

የሥራ ሕግ፦ በክፍል ከሆነ አልቃወምም። ደንብ ውስጥ ከገባ ግን መልእክት የሚታይበት ሰዓት ተለይቶ ይጻፍ፦ ለምሳሌ ጠዋት 4፡30 እና ከሰዓት 9፡30። በቴሌግራም ደንበኛ የሚያስተናግዱት ከዚህ ይውጡ፣ የአለቃው የማታ ትእዛዝም በዚያው አንቀጽ ይካተት።