«ወገብህን ፍታ፤ ግን አትላላ»፦ መፍታትና መላላት ምንና ምን ናቸው?

ንባብ ቤት፦ ለታይ ቺ፣ በዝግታ ለሚሠራው የቻይና የሰውነት ልምምድ፣ በአማርኛ ከተዘጋጀ ወረቀት ላይ የተገኘ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ወገብህን ፍታ፤ ግን አትላላ፤ የጭራ አጥንትህን ወደ ታች ልቀቅ።» የተፈታ ነገር ላላ ማለት አይደለም እንዴ? ደግሞ «ወገባችሁ የታጠቀ ይሁን» ለለመደ ጆሮ «ወገብህን ፍታ» ሲባል ትጥቅህን አውልቅ የተባለ ይመስላል። ሠልጣኙ የታዘዘው ምን እንዲያደርግ ነው?

ሆሄ፦ ቻይንኛው «ሶንግ ያው» ነው። የታይ ቺ መምህሩ ያንግ ቼንግፉ ለደቀ መዝሙሩ ለቼን ዌይሚንግ በቃል ነግሮት እ.ኤ.አ. በ1925 ከታተሙት ዐሥር ነጥቦች ሦስተኛው ነው። ያው ወገብ፣ ሶንግ መፍታት። የሶንግ የቀድሞ ፊደል ከላይ ረጅም ጸጉር፣ ከታች ጥድ አለበት።

ሰምና ወርቅ፦ ጥዱን ለምን ዘለልከው? ትርጉሙ እኮ እዚያ ነው! ሥሩ መሬት የያዘ፣ ቅርንጫፉ ለነፋስ የሚታዘዝ። «ፍታ ግን አትላላ» ማለት እንደ ጥድ ቁም ነው።

ሆሄ፦ አይደለም። ጥዱ ድምፁን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ትርጉሙን የተሸከመው ጸጉሩ ነው፤ ከተቋጠረበት የተለቀቀ ጸጉር። በዛሬው የቀለለ አጻጻፍ ጸጉሩ ተጥሎ ጥዱ ብቻውን ስለቀረ ነው ብዙ ሰው በዛፍ የሚተረጉመው።

ድጓ ቤት፦ የቻይናውን እናንተ ተከራከሩበት፤ የግእዙን ግን ለባለቤቱ ተዉት። ፈትሐ መፍታትም መፍረድም ነው፤ ፍትሕም ፍትሐትም ከእሱ ይወጣሉ። አማርኛ «ፈረደ»ን ለዳኝነት ይዞ «ፈታ»ን ለቋጠሮ ተወው እንጂ ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህ «ወገብህን ፍታ» ማለት ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ድርሻውን ፍረድለት ማለት ነው። መላላት ግን ፍርድ የለበትም።

ለስላሳ እጅ፦ የኔታ፣ ድርሻ መክፈል በዐሥሩ ነጥቦች ውስጥ ራሱን ችሎ አራተኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ ባዶውንና ሙሉውን መለየት ይሉታል። በቀስት እርምጃ፣ ፊተኛው እግር ታጥፎ ኋለኛው ተዘርግቶ በሚቆምበት፣ ከክብደቱ 70 በመቶ ገደማ ፊተኛው እግር ላይ፣ 30 በመቶው ኋለኛው ላይ ይሆናል። ሶንግ ከዚያ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

በተግባር እንዲህ ነው። እግርን በትከሻ ስፋት ከፍቶ፣ ጣቶቹን ወደ ፊት አድርጎ መቆም። ጉልበት በትንሹ ይታጠፍ፤ የእግር ጣትን አይለፍ። አናት ወደ ላይ ይነሣ፣ አገጭ በትንሹ ይሰብሰብ። የታችኛው ጀርባ ጡንቻ የሚለቀቀው አናት ከተነሣ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ አይሠራም። ልክ ከሆነ የጀርባው ስርጉድ ይቀንሳል፣ ክብደቱም ውስጥ እግር ድረስ ይወርዳል። ጀማሪ የሚስተው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የጭራ አጥንቱን በጉልበት ወደ ፊት ቀልብሶ መቀመጫውን ያጠብቃል፤ ይህ ፈታሁ እያሉ መቋጠር ነው። ሌላው ከወገቡ ጋር አናቱንም ይጥላል፤ ደረቱ ይደፋል፣ ክብደቱ ጉልበቱ ላይ ይከማቻል፣ ጉልበቱም ይታመማል። ወረቀቱ «አትላላ» ያለው ይህን ሁለተኛውን ይመስለኛል።

ሆሄ፦ እንግዲያው «አርግብ» አይሻልም? የመወጠር ተቃራኒ መርገብ ነው።

ለስላሳ እጅ፦ የረገበ ከበሮ ድምፅ የለውም። ሶንግ ውስጥ ግን ዝርጋታ አለ፦ አናት ወደ ላይ፣ ጭራ አጥንት ወደ ታች። ክንዱን በመዳፍ ቀስ ብለህ ብትገፋው የላላው ይታጠፋል፤ የተፈታው ግፊቱን ወደ እግሩ ያወርደዋል።

ሰምና ወርቅ፦ ሁላችሁም ዳኦውን ረሳችሁት። የዳኦ እምነት ጥንታዊ መጽሐፍ የሆነው የዳኦ ዴ ጂንግ 76ኛው ምዕራፍ ሰው ሲወለድ ለስላሳ፣ ሲሞት ግትር ነው ይላል። ግትርነት የሞት ምልክት ከሆነ ለሞተ ሰው ፍትሐት መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም! ይህንኑ ነው የዳኦ ተከታዩ ዣንግ ሳንፌንግ ዉዳንግ ተራራ ላይ ሆኖ ወደ ስፖርት የለወጠው።

ድጓ ቤት፦ ተው! ፍትሐት ነፍስን ከኃጢአት ማሠሪያ መፍታት ነው፤ ከሬሳ መድረቅ ጋር ምንም አያገናኘውም። ቅኔ መዝረፍና ቃል መፍታት ለየቅል ናቸው።

ሆሄ፦ ታሪኩም አይይዝም። ዣንግ ሳንፌንግን «ውስጣዊው ስልት» ከሚባለው የትግል ጥበብ ጋር የሚያያይዘው ቀደምት ጽሑፍ ሊቁ ሁዋንግ ዞንግሺ እ.ኤ.አ. በ1669 ለትግል ባለሙያው ለዋንግ ዠንግናን መቃብር የጻፈው ነው፤ እሱም ታይ ቺን በስም አያነሣም። ታይ ቺ በሰነድ የሚታወቀው ከሄናኑ የቼን መንደር ነው፤ ያንግ ሉቻን እዚያ ተምሮ ነው ቤይጂንግ ላይ ያስተማረው። የዳኦ ቃላቱ፣ ባዶና ሙሉ፣ ዪንና ያንግ፣ በትምህርቱ ውስጥ መኖራቸውን ማንም አልካደም።

ንባብ ቤት፦ «ወገብ» ስንል ግን የትኛው ነው? ቀበቶ የሚያርፍበት?

ለስላሳ እጅ፦ ይህ ዋናው ነው። ቻይናውያን ያው እና ክዋ ብለው ይለያሉ። ያው ከጎድን አጥንት በታች ያለው ወገብ ነው፤ ክዋ ጭን ከዳሌ የሚገናኝበት፣ የብሽሽት እጥፋቱ። ወገብ ተፈትቶ ብሽሽት ከተቆለፈ ዙረት ሲመጣ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። ወረቀቱ ላይ «ወገብህንና ብሽሽትህን» ተብሎ ቢጻፍ ጥሩ ነበር።

ድጓ ቤት፦ ብሽሽት ምን ያደርጋል? ግእዝ ሐቌ ብሎ ሁለቱንም ጠቅልሎታል።

ሆሄ፦ የኔታ፣ የጠቀለለው ነው ችግሩ። መምህር «ሐቌህን ፍታ» ቢል ተማሪው የቱን ይፈታል?

ድጓ ቤት፦ ሐቌ ምን እንደሆነ የተማረ ተማሪ አይጠይቅም።