የዝናብ ካፖርት ለጠየቅሽው እህት፦ ባርቦር፣ ማኪንቶሽ ወይስ በርበሪ?

እህቴ፣ ለሥራ የሚሆን የዝናብ ካፖርት ከሦስቱ የቱን ልግዛ ያልሽውን ጥያቄ አየሁት። እኔም ያንቺው ሥራ ላይ ነኝ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞርኩ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ስለዚህ በሁለት ፌርማታ መሃል መበስበስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ባርቦር ግዢ፣ ያውም ልባሹን። ግን ሦስቱም ስማቸው የገነነ የብሪታንያ ካፖርት ሠሪዎች ስለሆኑ፣ ሌሎቹን ለምን እንደተውኳቸው ላስረዳሽ።

ሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል ስኖር 9 ዓመቴ ነው። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛ ሐምሌ ዶፍ ጥሎ የሚያባራ አይደለም። ካፊያ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ከባሕሩ በኩል ደግሞ ነፋስ ይዞት በጎን ይመጣል። ጃንጥላ ይገለበጣል። ስለዚህ ውሃውን መመለስ ያለበት ልብሱ ራሱ ነው።

በዕድሜ ቀዳሚው ማኪንቶሽ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።) ቻርልስ ማኪንቶሽ የግላስጎው ኬሚስት ነበር። ከድንጋይ ከሰል በሚገኝ ናፍታ በሚባል ፈሳሽ ጎማ አሟሟና በሁለት ጨርቅ መሃል አጣበቀው፤ በ1823 ፓተንት አወጣበት። የመጀመሪያዎቹ ካፖርቶች ግን አስቸጋሪ ነበሩ። ሲሞቅ ይጣበቃሉ፣ ሲበርድ እንደ ጣውላ ይደርቃሉ፣ ይሸታሉ፣ መርፌ በወጋቸው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ያስገባሉ። ነገሩ የተስተካከለው በ1840ዎቹ፣ ቶማስ ሃንኮክ ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ የሚያጠነክርበትን ዘዴ ካስመዘገበ በኋላ ነው። ዛሬም ስኮትላንድ ውስጥ ከምበርኖልድ ላይ ይሠራል፤ ስፌቱ በእጅ ሙጫ ይቀባና ከውስጥ ጥብጣብ ይለጠፍበታል። ውሃ አያስገባም፣ እውነት ነው። አየርም ግን አያሳልፍም። አንቺ ደግሞ እየሮጥሽ ነው የምትውዪው፤ ከዝናቡ ብትተርፊ በላብ ትበሰብሻለሽ። ዋጋውም አይቀመስም።

በርበሪ ሌላ ነው። ቶማስ በርበሪ ቤዚንግስቶክ ላይ ሱቅ የከፈተው በ1856፣ በ21 ዓመቱ ነው። በ1879 ጋባርዲንን ፈጠረ፤ አባቶቻችን “ጋባርዲን ሱሪ” ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል። ብልሃቱ ክሩ ከመሸመኑ በፊት ውሃ እንዳይጠጣ መደረጉ ነው፤ ከዚያ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሸመናል። ስለዚህ ቀላል ነው፣ አየርም ያሳልፋል። አሳሾቹ አሙንድሰንና ሻክልተን ወደ ደቡብ ዋልታ ይዘውት ሄደዋል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ መኮንኖች ምሽግ ውስጥ ለብሰውታል። ታሪኩን በጣም እወደዋለሁ። አሁን ግን አዲሱ ካፖርት ከ1000 ፓውንድ በላይ ነው፤ ለቢሮና ለሠርግ ያምራል፣ ለኛ ሥራ ግን አይሆንም።

ወደ ባርቦር ልምጣ። ጆን ባርቦር ስኮትላንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ በ1894 ሳውዝ ሺልድስ ላይ ሱቅ ከፈተ። ከኒውካስል በሜትሮ ባቡር ትደርሺበታለሽ፣ የታይን ወንዝ ባሕር የሚገባበት ከተማ ነው። ደንበኞቹ መርከበኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና የወደብ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሚሸጥላቸውም ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነው። ዘይቱ ከምን እንደሚመጣ ሳውቅ ገርሞኛል፦ በዚያ ዘመን ለእንዲህ ዓይነት ጨርቅ የሚቀባው የተልባ ዘይት ነበር፣ ያው እኛ ቆልተን ወቅጠን የምንጠጣው ተልባ! የተልባ ዘይት ግን እያደር ቢጫ ይሆናል፣ በብርድም ይሰነጠቃል። በኋላ ጥጡን በሰም መንከር መጣ፣ እስከ ዛሬም በዚያው ነው የሚሠሩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኧርሱላ የምትባል ሰርጓጅ መርከብ ላይ የነበሩ ሰዎች ልብሳቸውን ከዚሁ ቤት ነው ያሠሩት።

ቤቱ አሁንም የቤተሰቡ ነው። በ1968 የቤተሰቡ ልጅ የነበረው ባሏ ሲሞት፣ አስተማሪ የነበረችው ማርጋሬት ባርቦር ወደ ሥራው ገባች፤ በ1972 ሊቀመንበር ሆነች። ዛሬ በየመንገዱ የምታዪውን ቢዴል የሚባለውን አጭር ጃኬት በ1980 ያወጣችው እሷ ናት። ለሴት የተቆረጠ ከፈለግሽ ቢድነል በዪና ጠይቂ።

እኔን ያሳመነኝ ግን ታሪኩ ብቻ አይደለም። ሳውዝ ሺልድስ የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ጃኬታቸው ሁሌ በር ኋላ ተሰቅሎ ነው የማገኘው። አንድ ቀን አወረድኩና አየሁት። ክርኑ ላይ ከሌላው ትንሽ የጠቆረ እራፊ አለ፣ ኪሱ ተቀይሯል፣ ዚፑ የናስ ነው፣ አፍንጫ ሲያስጠጉት ሻማ ሻማ ይላል። ሁለት ጊዜ ፋብሪካው ልከው አስጠግነውታል። ፋብሪካው እዚያው ሲሞንሳይድ የሚባል ሰፈር ነው፤ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ያረጁ ጃኬቶች እየተላኩለት ይጠግናል፣ እንደገናም ሰም ይቀባል። ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ስም ሞልቷል፤ የሸጠውን ዕቃ ከ30 ዓመት በኋላ ተቀብሎ የሚሰፋ ግን ስንት አለ?

አዲሱ ከ200 ፓውንድ በላይ ነው። እኔ የኔን በ45 ፓውንድ ከበጎ አድራጎት ሱቅ ነው ያገኘሁት። ስትገዢ ውስጡ ያለውን ምልክት እዪ፤ በድሮዎቹ ጃኬቶች ላይ፣ ለንጉሣውያኑ ዕቃ አቅራቢ መሆኑን የሚያሳየው ማኅተም ስንት እንደሆነ ዕድሜውን ይነግርሻል። አንድ ከሆነ ከ1974 በኋላ፣ ሁለት ከሆነ ከ1982፣ ሦስት ከሆነ ከ1987 ወዲህ ነው። ጨርቁን በጣትሽ ዳብሺው። ደረቅ ከሆነ አትፍሪ፣ ሰም ይመልሰዋል። ታጥፎ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ተዪው።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ማሽን ውስጥ እንዳትከቺው! ሙቅ ውሃና ሳሙናም አታስነኪው። እኔ የመጀመሪያዬን ሰፈር ያለ አንድ ላውንደሪ ሰጥቼ ሰሙን ሙልጭ አድርጎ አውጥቶ፣ እንደ አሮጌ መጋረጃ የሟሸሸ ጨርቅ መለሰልኝ። ዝናብ ላይ ስወጣ ወንፊት ሆነ። በጣም ነው ያዘንኩት። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ይበቃል።

ሰሙን በዓመት አንዴ እቤት መቀባት ትችያለሽ፣ ከመላክ ይረክሳል። ጣሳውን ፈላ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጪና እስኪቀልጥ ጠብቂ። በስፖንጅ በስሱ ቀቢ፣ ስፌቱን፣ ትከሻውንና ክርኑን ደጋግሚ። ገበሩንና የኮሌታውን ኮርደሮይ አትንኪ። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ ፎን ስታስጠጊበት ነጣ ብሎ የቆመው ሰም ጨርቁ ውስጥ ሲጠፋ ታያለሽ፤ ለኔ ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለው እሱ ነው። ከሌላ ልብስ ለይተሽ ሰቅለሽ አሳድሪው። ከተቀደደ ወይም ዚፑ ከተበላሸ ግን ፋብሪካው ይሻላል፣ ክረምቱ ሳይገባ ላኪው፣ አለበለዚያ በብርዱ ያለ ጃኬት ትቀሪያለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰሙ በተለይ አዲስ ሲቀባ ይነካካል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ነጠላሽ ላይ እንዳትደርቢው፣ እድፉ አይለቅም። አውቶቡስ ላይም ነጣ ያለ ቦርሳ ጭንሽ ላይ አታስቀምጪ። ለልጆች ደግሞ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፤ በዓመቱ ስለሚያጥራቸው የሱፐርማርኬት ላስቲክ ጃኬት ይበቃቸዋል።

ኒውካስል አካባቢ ከሆንሽ ግማሽ ጣሳ ሰም ተርፎኛል። ጃኬቱን ስታገኚ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ቅዳሜ አብረን እንቀባዋለን።