24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ150 ሴንቲሜትር ታትሞ ለኤግዚቢሽን ይሆናል?

ሌንስ_24፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ6000 በ4000 ፒክስል ፋይል 150 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ ቢታተም ለጋለሪ ይበቃል? ደግሞስ በጀርመን ዱሰልዶርፍ የተማሩት ታዋቂ ፎቶ አንሺዎች ግድግዳ የሚያህል ህትመት ያበዙት ለምንድን ነው? እንደነሱ የህትመቱ ፊት ላይ ፕሌክሲግላስ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ማጣበቅ ይመከራል?

ጨለማ ክፍል፦
150 ሴንቲሜትር 59 ኢንች ነው። 6000ን ለ59 ስታካፍለው በኢንች 100 ፒክስል ገደማ ይደርስሃል። ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ለሚያይ ሰው ይህ አይከፋም፤ የኤግዚቢሽን ተመልካች ግን አፍንጫውን ሳያስጠጋ አይመለስም! ያኔ ቅጠሉም ፀጉሩም ሰም የተቀባ ይመስላል። በኢንች 200 ፒክስል ይዘህ 76 በ51 ሴንቲሜትር ላይ ብትቆም ይሻላል። ከዱሰልዶርፎቹ አንዱ ቶማስ ሩፍ በ1980ዎቹ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ፊት ሲያትም የተጠቀመው ትልቅ ፎርማት ካሜራ፣ ማለትም ፊልሙ መዳፍ የሚያህል ካሜራ ነው፤ ጠጋ ብትል ዝርዝሩ አያልቅም። ሐሳቡም ፎቶን ከመጽሐፍ ገጽ አውጥቶ ከሥዕል እኩል ግድግዳ ላይ ማቆም ነበር።

ወረቀትና ቀለም፦
የፕሌክሲው ዘዴ ዲያሴክ ይባላል፤ የህትመቱ ፊት በሲሊኮን ከፕሌክሲው ጋር ይጣበቃል። ጥቁሩ ይጠልቃል፣ ቀለሙ ይደምቃል። ግን አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም፤ ፕሌክሲው ተጫረ ማለት ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። በአልኮል ከወለወልከው በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል።

እኔ የምመርጠው በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ የሚመዝን የጥጥ ወረቀትና ፒግመንት (ቶሎ የማይደበዝዝ የዱቄት) ቀለም ነው። ነጭነት የሚያጎላ ኬሚካል የገባበትን ወረቀት ተወው፤ ኬሚካሉ ሲከስም ወረቀቱ ይወይባል። ህትመቱ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ፤ ተቻኩለህ ፍሬም ውስጥ ካስገባኸው መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጭጋግ ይይዛል። ከአሲድ ነፃ ፓስፓርቱም (ህትመቱን ከመስታወቱ የሚያርቅ የካርቶን ክፈፍ) አትርሳ፤ መስታወት የነካው ህትመት በእርጥበት ይጣበቃል።

ኤዲሽን፦
መጠኑን ብዙ አታምልኩት። አሜሪካዊቷ አርቲስት ሲንዲ ሸርማን ከ1977 እስከ 1980 የሠራቻቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ብዙዎቹ 20 በ25 ሴንቲሜትር ገደማ ናቸው፤ ማንም ከሥነ ጥበብ አላወጣቸውም። ሰብሳቢ የሚጠይቅህ የቅጂውን ቁጥር ነው። የሌላው ዱሰልዶርፍ ፎቶ አንሺ የአንድሪያስ ጉርስኪ «ራይን 2» የተባለ ፎቶ በ2011 በ4.3 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ከ6 ቅጂዎች አንዱ ነበር። 5 ቅጂና 2 የአርቲስት ቅጂ (ከቁጥሩ ውጭ ለራስህ የምታስቀረው) ካልክ 1/5፣ 2/5 እያልክ ከፊርማህ ጋር በእርሳስ ጻፍ። ትልቁ ስህተት 150 ሴንቲሜትሩ ካለቀ በኋላ «ይሄ 70 ነው፣ ሌላ ነው» ብሎ አዲስ ቅጂ ማውጣት ነው። መጠኖቹን ሁሉ ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት ከሥራው ጋር ለገዢ በምትሰጠው ማረጋገጫ ወረቀት ላይ አስፍር።

ጨለማ ክፍል፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ሙሉውን ከማዘዝህ በፊት ከፎቶው ዝርዝር የበዛበትን 20 ሴንቲሜትር ቁራጭ በእውነተኛው መጠን አሳትመህ ጋለሪው በሚጠቀምበት መብራት ሥር እየው። ስክሪኑ በጣም ደምቆ የተስተካከለ ፎቶ ወረቀት ላይ ጠቁሮ ይወጣል።