የጎመን ወገን ሰብሎች የጋራ ፕሮፖዛል፦ ምን እንርጭ፣ ምንስ እንለካ?

የዕቅድ አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ደርሷችኋል። እውነቱን ለመናገር በጣም ተለጥጧል። 4 ሰብል፣ 3 ዓይነት ችግር (ድርቅ፣ ጨው፣ ሙቀት)፣ 5 ውህድ። ሲባዛ 60 ዓይነት ሙከራ ነው። እያንዳንዱን 4 ጊዜ ብንደግመው 240 መደብ ይሆናል። ማን ያጠጣዋል? ማንስ ይለካዋል? ስለዚህ የዛሬው ሥራችን መቁረጥ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን እንዳይጠፋ፦ ተክሉ ራሱን ለመከላከል የሚሠራቸውን ውህዶች ከውጭ ትንሽ ብንጨምርለት ክፉውን ጊዜ ይሻገራል ወይ?

ችግኝ አምራች
እኔ ጨው ይቅደም ባይ ነኝ። ድርቅና ሙቀት ሲመጡ ሁሉም ያያቸዋል። ጨው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ባለፈው ወቅት የጉድጓድ ውሃዬን ሳላስለካ የጥቅል ጎመን ችግኝ አጠጣሁበት። መጀመሪያ ምንም አልታየም። በሁለተኛው ሳምንት የታችኛው ቅጠል ጠርዝ እንደተለበለበ ወረቀት ደረቀ፣ አፈሩ ላይም ነጭ ዱቄት ወጣ። ውሃ ያነሰው መስሎኝ ጨመርኩለት። ለካ የጨመርኩለት ጨው ነው። ግማሹን መደብ ነቅዬ ጣልኩ።

የላብራቶሪ ባለሙያ
በጨው እስማማለሁ። ሰብሉም ጥቅል ጎመን ይሁን። የአፈሩ ጨዋማነት 1.8 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨዋማነት መለኪያ ነው) ካለፈ የጥቅል ጎመን ምርት መውረድ ይጀምራል። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ አንድ ዴሲሲመንስ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብሮኮሊ እስከ 2.8 ድረስ ይታገሳል። ጥቅል ጎመን ቶሎ ስለሚጎዳ የውህዱ ጥቅም ካለ ቶሎ ይታያል።

ከውህዶቹ ሁለት እናስቀር፤ ሳሊሲሊክ አሲድና ብራሲኖላይድ። የመጀመሪያው ስሙን ያገኘው ከአኻያ ዛፍ ነው፤ ተክል አደጋ ሲመጣ በውስጡ መልእክት የሚያስተላልፍበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚሁ ከጎመን ወገን የተገኘ የእድገት ሆርሞን ነው። በ1979 ተመራማሪዎች ንቦች የሰበሰቡትን 227 ኪሎ የጎመን ዘር አበባ ብናኝ ጨምቀው ያገኙት 4 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ይህን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። ተክሉ የሚሠራበት መጠን ይህን ያህል ትንሽ ነው። የዛሬዎቹ ለርጭት የሚሆኑት በፋብሪካ የተሠሩ አቻዎቹ ናቸው።

ነባር አባል
ልጄ፣ አንድ ነገር ተረሳ። የጎመን ወገን የራሱ መሣሪያ አለው እኮ። ሰናፍጭ ሲታኘክ አፍንጫ የሚያቃጥለው ምንድን ነው? እሱን ትተን ሌላ ፍለጋ ለምን እንሄዳለን?

የላብራቶሪ ባለሙያ
ጋሼ፣ ጥሩ ነው ያነሱት። የሚሉት ግሉኮሲኖሌት ነው። ድኝ ያለበት ውህድ ነው። ተክሉ ይህን ውህድና ማይሮሲኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። ነፍሳት ቅጠሉን ሲነክሱት ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ ነው ያ የሚያቃጥለው ነገር የሚወጣው። ብዙ ተባይ ይሸሸዋል። የጎመን ቅጠል የምትጨርሰው ትንሿ የእሳት እራት ግን እጯ (ትሏ) ውህዱን የሚያመክን ኢንዛይም አለው። ጭራሽ እናትየዋ ሽታውን ተከትላ እንቁላሏን ትጥላለች።

ነገሩ ተባይ ላይ ብቻ አያበቃም። ኢንዛይሙ ቅጠሉ በሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ባሉት ሴሎች ውስጥም በብዛት አለ። ከግሉኮሲኖሌት የሚወጣው ውህድም ቀዳዳዎቹን እንዲዘጉ ያደርጋል። ሲዘጉ ውሃ ይቆጠባል። ስለዚህ ተክሉ በድርቅና በጨው ከሚደርስበት ጭንቀት ጋር ግንኙነት አለው። ግን ብንረጨው የሚሆን አይመስለኝም፤ ተክሉ ራሱ እንዲሠራው ነው ማድረግ ያለብን።

ነባር አባል
እንግዲያስ ድኙን እንስጠው።

የላብራቶሪ ባለሙያ
ልክ ነው! የጎመን ወገን ድኝ አብዝቶ ይፈልጋል። ድኝ የጎደለው አፈር ላይ የምንረጨው ሁሉ ውጤቱ ያሳስተናል። ጎመኑን የምንተክልበት ባልዲ ሁሉ እኩል ድኝ ያግኝ፤ ይህ ረቂቁ ላይ ይግባ።

ችግኝ አምራች
ስለ ርጭቱ አንድ ነገር ልበል። ሳሊሲሊክ አሲድ በቀዝቃዛ ውሃ ሞክሬ አውቃለሁ። ዱቄቱ ላይ ላዩን ተንሳፎ ቀረ። በጥቂት አልኮል አሟምቼ ውሃው ላይ ስጨምረው ነው የገባልኝ። ሌላው ችግር የጎመን ቅጠል ሰም አለው። የረጨሁት ጠብታ እንደ ዶቃ ተንከባሎ መሬት ወረደ። ማጣበቂያ ካልተጨመረበት አፈር ነው የምንረጨው።

የዕቅድ አስተባባሪ
ይህ ወሳኝ ነው። እንግዲህ ማወዳደሪያችን ባዶ ውሃ መሆን የለበትም። አልኮሉና ማጣበቂያው ብቻቸውን የሚረጩበት ባልዲ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ለውጡን ያመጣው ማጣበቂያው ይሁን አሲዱ አናውቅም።

ረቂቁ ላይ ያለው፣ ፕሮሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ መለካት የሚለውስ?

የላብራቶሪ ባለሙያ
ይለካ፣ ግን የስኬት ማስረጃ ተብሎ አይጻፍ። ተክል ጨው ሲያስጨንቀው ፕሮሊን ያከማቻል። ስለዚህ ብዙ ፕሮሊን ያለው ተክል በደንብ የተቋቋመው ሊሆን ይችላል፤ ክፉኛ የተጎዳውም ሊሆን ይችላል። እኔ የማምነው ሚዛኑን ነው፤ የጎመኑን ክብደት። ከዚያ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ሶዲየምና ፖታሲየም።

ሒሳብ ያዥ
ዘሩን በውህዱ መዘፍዘፍ ይቀላል የሚል አባል ነበር። ወጪውም ያንሳል።

የዕቅድ አስተባባሪ
ትክክል ነው፣ ግን ለሁለተኛው ዙር ይቆይ። አሁን የተስማማንበትን ልጻፈው፦

«ጥቅል ጎመን በሁለት ዓይነት ውሃ ይጠጣል፤ በንጹሕና በጨዋማ። በእያንዳንዱ ውሃ አራት አያያዝ ይኖራል፦ ምንም ያልተረጨ፣ አልኮልና ማጣበቂያ ብቻ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ብራሲኖላይድ። እያንዳንዱ 5 ጊዜ ይደገማል፤ በጠቅላላው 40 ባልዲ። የሳሊሲሊክ አሲዱ መጠን በሊትር 69 ሚሊግራም ይሆናል። ድኝ ለሁሉም እኩል ይሰጣል። ዋናው መለኪያ የተጠቀለለው ጎመን ክብደት ነው።»

ከ240 ወደ 40 ወረድን።

የላብራቶሪ ባለሙያ
የአሲዱ መጠን እንዳይጨመር አደራ። ሲበዛ ራሱ እድገት ያቀጭጫል። ጨዋማውን ውሃ ደግሞ እኛው እንቀላቅለው ወይስ ከጉድጓዱ እናምጣ?

ችግኝ አምራች
መቀላቀሉ ይሻላል፣ መጠኑ ይታወቃል። ግን የኔ ጉድጓድ ስንት እንደሆነም ማወቅ አለብኝ፤ የምንቀላቅለው ከሱ ጋር እንዲቀራረብ። ናሙናውን ሐሙስ አመጣለሁ። ጠርሙሱን በራሱ ውሃ ሦስቴ አለቅልቄ ነው የምሞላው።