የ14 ዓመት ልጄ ሐሳቡ አልሰበሰብ አለው፤ ማይንድፉልነስ ይረዳው ይሆን?

ጥያቄ (እናት፣ ከጀሞ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። አምና ሐኪም አይቶት ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለው ተባልን፤ መድኃኒት ጀምሮ ትንሽ ረድቶታል። ግን አሁንም ሊያጠና ሲቀመጥ እስክሪብቶውን ይፈታታል። ትናንት ሞላዋ ተፈናጥራ ወጥ ውስጥ ገባች፤ ሳቅም ንዴትም ያዘኝ። ጓደኛዬ ማይንድፉልነስ (ሐሳብን አሁን ባለው ነገር ላይ የማሳረፍ ልምምድ) አስለምጂው ብላኝ አፕ አወረድኩ። 15 ደቂቃ ዓይንህን ጨፍነህ እስትንፋስህን ተከተል ይላል። በ3ኛው ደቂቃ «ጭንቅላቴ ዝም አይልልኝም» ብሎ ተነስቶ ሄደ። እናቴ ደግሞ ባዕድ አምልኮ ነው ብላ ተቆጥታለች። የሞከራችሁ አላችሁ?

መልስ (የሁለት ልጆች አባት)፦
እህቴ፣ 15 ደቂቃ እኔም አልችልም! እኛ በ2 ደቂቃ ነው የጀመርነው፣ ያውም ዓይን ሳይጨፈን። የእኔው ቁጭ ማለት ስለማይሆንለት ቆሎ ሰጠሁት። አንድ ፍሬ ብቻ። ያገላብጣታል፣ ያሸታታል፣ ከዚያ ነክሶ ድምጿን ይሰማል። መጀመሪያ ቀን እፍኙን ባንዴ ጎርሶ ሳቀብኝ። ከሳምንት በኋላ ግን ገብስና ሽምብራውን በድምፅ እለያለሁ ብሎ ይፎክር ጀመር።

መልስ (በሳይኮሎጂ ሙያ ያለሁ)፦
የማንም ጭንቅላት ዝም አይልም። ሥራው ሐሳብን ማቆም ሳይሆን፣ መሄዱን አውቆ ቀስ ብሎ መመለስ ነው። 20 ጊዜ ሄዶ 20 ጊዜ ከመለሰው፣ 20 ጊዜ ሠራ ማለት ነው። ይህን ንገሪው፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ቀኑን ሙሉ «አትችልም» ሲባሉ ነው የሚውሉት።

ተአምር ግን አትጠብቂ። ማይንድፉልነስ ለኤዲኤችዲ ይረዳ እንደሆነ ለማየት ተደርጎ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመው ቀዳሚ ሙከራ የተሳተፉት ታዳጊዎች 8 ብቻ ነበሩ። በብሪታንያ ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተካተቱበት፣ ውጤቱ በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ ትምህርቱን ለክፍሉ ሁሉ መስጠት ከተለመደው የተሻለ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ያ ግን ለሁሉም ተማሪ ነው፤ ያንቺ ልጅ ጉዳይ ለየት ይላል። ሆላንድ ውስጥ ማይማይንድ የሚባለው የ8 ሳምንት ሥልጠና ወላጅንም ከልጁ ጎን ለጎን ያሠለጥናል። እኔም የምመክርሽ አብረሽው እንድትሠሪ ነው። መድኃኒቱን ሐኪሙን ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ።

መልስ (የ7ኛ ክፍል መምህርት)፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ቅጣት እንዳታደርጊው። ልጁ ሲያጠፋ «ሂድና ተንፍስ» ከተባለ አለቀ፣ ሁለተኛ አይነካውም። ደህና በሆነበት ሰዓት ይልመደው። ፈተና ላይ ሲጨንቀው ደግሞ እግሩ መሬት መንካቱን ልብ ቢል ይበቃል፤ ማንም አያይበትም።

ስለ እናትሽ፣ እውነቱን ንገሪያቸው። ሥሩ ከቡድሃ እምነት ነው። ግን ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ ለሕሙማን ሲያስተምረው ሃይማኖታዊውን ነገር አውጥቶ ነው። የሚደገም ጸሎት የለም፣ የሚሰገድለትም የለም። ካልተዋጠላቸው ቆሎውን ቀጥሉበት፤ ቆሎ ላይ ማን ይቆጣል?

ጠያቂዋ፦
ተባረኩልኝ። አፑን አጠፋሁት። ዛሬ ቡና ስቆላ ጠርቼው «ሽታው ሲቀየር ንገረኝ» አልኩት። ሁለቴ ወሬ ጀመረ፣ ሁለቴም ራሱ ተመለሰ። እናቴ አጠገባችን ነበረች፣ ምንም አላለች። ቆይቶ «እማዬ፣ ሊያርብሽ ነው!» አለ። እውነትም ሊያርብኝ ነበር።