ባህር ዛፍ ስንት ክንድ አርጌ ልቁረጠው? ፍልጥ ልሸጥ ነው

የፍኖተ ሰላሙ: ሰላም ጎጃሞች። አባቴ ከተከለው ባህር ዛፍ ለአጣና የማይሆነውን ጎባጣውንና ወፍራሙን እየቆረጥኩ ፍልጥ መሸጥ ጀምሬ ነበር፣ ጓደኛዬ ሜትር ሜትር አርገው ቶሎ ያልቅልሃል አለኝ እኔም ሰማሁት። አንድ ጋሪ ጭኜ እንጀራ የሚሸጡ እናት ጋ ሳወርድ አንዱን አንስተው ምድጃው አፍ ላይ ለኩትና «ልጄ ይሄን እንግዲህ ውጭ ቆሜ ልማግደው?» አሉኝ 😂 ግማሹን ይዤ ተመለስኩ። ልኩ ስንት ነው? ደሞ ከጣልኩት ወራት ያለፈው ግንድ አልፈለጥ ብሎኛል፣ መጥረቢያው ነክሶ ይቀራል።

ጉልቻ: ሃሃ እውነታቸውን ነው። እናቴ ጋጋሪ ስለሆነች ይሄን አውቀዋለሁ፣ ለምጣድ አንድ ክንድ ማለት ግማሽ ሜትር ገደማ ይበቃል፣ ውፍረቱ ከእጅ አንጓህ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ምጣድ የሚፈልገው ነበልባል ነው፣ እሳቱ እስከ ጠርዙ መድረስ አለበት፣ ወፍራም ከሆነ መሀሉ ያርና ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። አረቄ የሚያወጡት ግን ተቃራኒ ናቸው፣ ወፍራም ወፍራሙን ነው ሚወስዱት ምክንያቱም ቀስ ብሎ እየነደደ እንዲቆይ ነው ሚፈልጉት፣ እሳት ከበዛ ድፍድፉ ያርርባቸዋል። እና መጀመሪያ ለማን እንደምትሸጥ ወስን።

ባለመጥረቢያው: ልጄ ስህተቱ መቆየትህ ነው። ባህር ዛፍ እርጥቡን በጣልክበት ሳምንት ፍለጠው፣ ከደረቀ ብረት ነው። አሁን ያለህን ጫፉን እይ፣ ሲደርቅ የሰነጠቀው መስመር አለ፣ እዛ ላይ ሽብልቅ አስገባና በመዶሻ ምታው፣ በጉልበት መሀሉን አትደብድብ። ወፍራም ከሆነ ከዳር ዳር እየላጥክ ግባ። አንጓ ያለበትን ጎን ወደ ታች አርግ። ጉማጁንም መሬት ላይ አትፍለጥ ጉቶ ላይ አቁመው፣ መጥረቢያህ ድንጋይ ካገኘ ስትሞርድ ልትውል ነው።

የፍኖተ ሰላሙ: ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጠማማውስ? ሽብልቁን ውጦ ዝም የሚል አለ።

ባለመጥረቢያው: እሱን ተወው፣ ለራስህ ቤት ይንደድ።

እንጅባራ: ወይ ከሰል አርገው። እኛ ጋ ፋግታ ለኮማ ዲከረንስ ሚሉት የግራር ዘር ባራት ባምስት ዓመቱ ተቆርጦ አብዛኛው ከሰል ነው ሚሆነው። በነገራችን ላይ ባህር ዛፉን ስትጥል ዝቅ አርገህ ጉቶውን ሰያፍ ቁረጠው ውሃ እንዳይቋጥር፣ ተመልሶ ያቆጠቁጥልሃል። ዲከረንስ ግን እንደዛ አይደለም እንደገና መትከል ነው። እና ጉልቻ ካለው ትንሽ ልለይ፣ ሁሉንም አታቅጥነው፣ ፍልጥ በቀጠነ ቁጥር ጉልበትህ ነው ሚያልቀው፣ ዋጋው ግን ያን ያህል አይጨምርም። ሲሶውን ለምጣድ አርግና ሌላውን በአራት ሰንጥቀህ ተወው። ስትከምር ደሞ አንዱን ድርድር ወዲህ አንዱን ወዲያ አርገው ንፋስ ይግባበት፣ ከስሩ ድንጋይ ወይ ግንድ አርግ። በጋ ላይ የደረቀውን ክረምት ላይ ብትሸጥ ነው ሚያዋጣህ፣ ሐምሌ ላይ ደረቅ እንጨት ያለው ሰው ዋጋ ቆራጭ እሱ ነው።

ጉልቻ: ሲሶ ያልከው ይስማማኛል። ብቻ ክምሩን ክፍት ክፍት አርገህ እንዳትሸጥ፣ ሴቶቹ እጃቸውን ከተው ነው ሚያዩት።

የፍኖተ ሰላሙ: ዛሬ ሄጄ የእናትን ምድጃ በዱላ ለካሁት፣ ክንድ ካራት ጣት ነው። የመለስኩት ሜትር ሜትሩ አንዴ ለሁለት ከተቆረጠ ልክ ይገባል ማለት ነው። ነገ መጋዝ ተውሼ ልጀምር ነው፣ «ያን ረጅሙን እንዳታመጣ» ብለውኛል ገና ካሁኑ።