የአክሱምን ሐውልት የሳለው ሰው የሕንዱንም ቤተ መቅደስ ስሏል?

የባሕር_ዳሯ፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ለንደን የድሮ ካርታና ሥዕል የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ሁለት ኅትመቶች ጎን ለጎን ተሰቅለው አየሁ። አንዱ ደቡብ ሕንድ ያለው የራሜስዋራም ቤተ መቅደስ ነው። ሌላው የኛው የአክሱም ሐውልት! ሁለቱም ግርጌ ላይ የሄንሪ ሶልት ስምና 1809 የሚል ዓመት አለ። ሰውየው እውነት ሁለቱንም ቦታ ሄዷል? ባለሱቁ «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ዋጋው ደግሞ ጠና ያለ ነው። በምን ልለየው? የሕንዱ ከመጠን በላይ ስላማረብኝ ምን ያህል እንደሚታመንም ንገሩኝ።

ጋሽ_ወረቀት፦
እህቴ፣ አዎ ሄዷል። ሶልት በ1802 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከእንግሊዝ የወጣው የሎርድ ቫለንሺያ ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ ነው። ሕንድንና ሲሎንን (የዛሬዋን ስሪ ላንካ) አዩ። በ1805 ቫለንሺያ ወደ ትግራይ ላከው። አንጣሎ ድረስ ዘልቆ ራስ ወልደ ሥላሴን አገኘ፤ አክሱምንም ያየው በዚያው ጉዞ ነው። አገሩ ከተመለሰ በኋላ 24 ትልልቅ ሥዕሎች አሳተመ። ያየሻቸው ከእነዚያ መሀል ናቸው።

ሥዕሉ የታተመበትን የመዳብ ሰሌዳ የሠራው ግን እሱ አይደለም። የለንደን መዳብ ቀራጺዎች ናቸው፤ ዳንኤል ሃቬል አንዱ ነው። ሰሌዳው ላይ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶ ይሞቃል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ በዱቄቱ መካከል እየገባ መዳቡን ይበላዋል። ፈዘዝ እንዲል የተፈለገው ቦታ ቶሎ በቫርኒሽ ይሸፈናል፤ የሚጠቁረው ደጋግሞ ይነከራል። ሰማዩ እንደዚያ የለሰለሰው በዚህ ዘዴ ነው። ቀለሙ ከታተመ በኋላ በእጅ የተቀባ ነው።

ወረቀት መጠገን ሥራዬ ስለሆነ የማደርገውን ልንገርሽ። ማጉያ መነጽር ይዘሽ ሂጂና ሰማዩን እዪ። ነጠብጣቦቹ በረድፍ ከተደረደሩ የዘመናችን ማሽን ያተመው ነው፤ ተዪው። የድሮው ላይ የሚታየው ሥርዓት የሌለው፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ መረብ ነው። ከዚያ ኅዳጉን በጣትሽ ዳብሺ። መዳቡ ወረቀቱን የተጫነበት ጠርዝ ይሰማሻል፣ ኅዳጉ ካልተቆረጠ በቀር። በመጨረሻ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሺው። አንዳንዴ ውስጡ የወረቀት ፋብሪካው ስምና ዓመት ይታያል። ዓመቱ ከ1809 በኋላ ከሆነ ቆይቶ የታተመ ነው፤ ዋጋውም መውረድ አለበት።

ቀይ_ሸክላ፦
ጋሼ፣ ስለ መታመኑ እኔም አንድ ነገር ልበል። የካምቦዲያውን አንኮር፣ ጥንታዊዎቹን ቤተ መቅደሶች ውሰዱ። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንሪ ሙኦ በ1860 ሄደ፤ ከንድፎቹ የተሠሩት ሥዕሎች በ1863 ፓሪስ ውስጥ በጉዞ መጽሔት ወጡ። አውሮፓ ጫካ የዋጠው፣ ባለቤት የሌለው ፍርስራሽ አድርጎ አየው። ትልቁ ቤተ መቅደስ አንኮር ዋት ግን የቡድሃ መነኮሳት ያልተለዩት ቦታ ነበር! በዚያው 1863 ፈረንሳይ ካምቦዲያን በጥበቃዋ ሥር አደረገች። ከዚያ ሉዊ ደላፖርት የሚባል ፈረንሳዊ ሄዶ ቦታውን በሥዕል አነሣ። በ1873 ተመልሶ ሐውልትና ቅርጻ ቅርጽ በመርከብ ጭኖ ወሰደ። ዛሬ ፓሪስ፣ ጊሜ ሙዚየም ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። እኔ ይህንን ረስቼ ሥዕሉን ማድነቅ አልችልም።

ጋሽ_ወረቀት፦
ልክ ነህ ወንድሜ፤ መረሳትም የለበትም። ቢሆንም ሥዕሎቹን በጅምላ አልጥላቸውም። ጄምስ ዌልስ የሚባል ስኮትላንዳዊ የኤሎራን ቤተ መቅደሶች ሳለና በ1795 እዚያው ሕንድ ሞተ። ንድፎቹን በ1803 ያሳተመው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ቶማስ ዳንኤል ነው። ከእነዚያ ቤተ መቅደሶች አንዱ፣ ካይላሳ፣ ከተራራ ላይ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ያንን ጥልቅ ግቢ ሲያይ ልቡ ይደነግጣል። ግድግዳውንና ምሰሶውን ዛሬ ከቆመው ጋር ማስተያየት ይቻላል። እኔ የምጠራጠረው ዙሪያውን ነው። ጥግ ላይ የቆመ ዛፍ፣ ከፊት የጠቆረ መሬት፣ ጥላ ሥር ጋደም ያለ ሰው። ይህ የዘመኑ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ወግ ነበር፤ ሕንድም ይሁን ጣሊያን አይለይም። ሶልት ራሱ ከሱ በፊት ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ያወጣውን የአክሱም ሐውልት ሥዕል ልክ አይደለም ብሎ ነቅፏል።

የባሕር_ዳሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። መስታወት ውስጥ ስለሆነ ግን ጠርዙን መዳበስ አልችልም።

ጋሽ_ወረቀት፦
ከፍሬሙ ያውጣልሽ። የሚተማመን ነጋዴ እምቢ አይልም። እምቢ ካለ አትክፈዪ።